የዋርዱ መምህርት

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው የ120 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ሐይቅን፣ ውጫሌን፣ ውርጌሳን፣ መርሳንና ሲሪንቃን ይዞ ያልፋል። በዚህ መንገድ ዳር ባሉት ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ነጭ ገዋን ለብሰው፣ ኪሳቸው ውስጥ ትንሽ ማስታወሻ ሸጉጠው የሚታዩ ወጣቶች ብርቅ አይደሉም። ፕራክቲስ የወጡ የነርስ ተማሪዎች ናቸው። ኮሌጃቸው ደብዳቤ ጽፎ ይልካቸዋል፤ የሚሞሉት ሎግ ቡክ ያስይዛቸዋል፤ መምህራቸውም አልፎ አልፎ ብቅ ብሎ ይጎበኛቸዋል። ጠዋት ተቀብላ መርፌ አሰጣጡን፣ ቁስል አጠባውን፣ የመድኃኒት አመዘጋገቡን የምታሳያቸው፣ ሊሳሳቱ ሲሉ ደርሳ የምታስቆማቸው፣ በመጨረሻም ሎግ ቡኩ ላይ የምትፈርምላቸው ግን የክፍሉ ተረኛ ነርስ ናት።

ይህች ነርስ በሥራ መደቧ መምህርት አይደለችም። አብዛኛውን ጊዜ ማስተማርን አልተማረችም፤ መመዘንንም እንዲሁ። ሆኖም ሰባ ዓመት በተሻገረው የኢትዮጵያ ዘመናዊ የነርስ ትምህርት ውስጥ የእጅ ሙያው ከትውልድ ወደ ትውልድ ያለፈው በዋነኛነት በእሷ በኩል ነው። ትምህርት ቤቶቹ የምሥረታ በዓል አላቸው፤ ፈተናዎቹ ደንብና መመሪያ አላቸው። የእሷን ታሪክ ግን ከሌሎች ታሪኮች ጥግ ጥጉን እየለቀሙ ካልሆነ ማግኘት አይቻልም።

ሙያን ባለሙያው አጠገብ ተቀምጦ መማር ለወሎ ሰው እንግዳ ነገር አልነበረም። ወጌሻው ስብራት የሚያቃናበትን ዘዴ ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ ያሳየዋል። የልምድ አዋላጇም ለምጥ በተጠራች ቁጥር ይዛት የምትሄደው ሴት ከዓመታት በኋላ ተተኪዋ ትሆናለች። ዘመናዊው ሕክምና ወደ አገሪቱ ሲገባም የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ረዳቶች የሠለጠኑት በዚሁ መንገድ ነበር። ከዓድዋ ድል በኋላ እ.ኤ.አ. በ1896 የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን አዲስ አበባ ገብቶ ቁስለኞችን ሲያክም፣ በኋላም የሚሲዮን ሆስፒታሎች በየአውራጃው ሲከፈቱ፣ ፋሻ የሚጠቀልሉ፣ ቁስል የሚያጥቡና ለሐኪሙ የሚያስተረጉሙ ወጣቶች ያስፈልጉ ነበር። ድሬሰር የሚባለው ባለሙያ የወጣው ከእነዚህ መካከል ነው። የትምህርቱ ቦታ ሕመምተኛው አጠገብ፣ ፈታኙም የሚያሠራው ሐኪም ነበር።

ወሎ ይህን ሥራ በጦርነት መሐል አይታዋለች። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ቀይ መስቀል የተሣለበት የአሜሪካ አድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። በዚያው ጦርነት በዶክተር ጆን ሜሊ የሚመራው የእንግሊዝ አምቡላንስ ቡድን በዚሁ የወልድያ መስመር ወደ ሰሜን ወጥቶ ኮረም አካባቢ ድንኳኑን ተከለ። እሱም በየካቲት ወር መጨረሻ ከአየር ተደበደበ። ሐኪሞቹ በጣት የሚቆጠሩ፣ ቁስለኛው ግን አእላፍ ነበርና በእጁ ሥራ ያወቀ ረዳት ሁሉ ዋጋው ከፍ ያለ ነበር።

ከነፃነት በኋላ የወሎን ስም ከነርስነት ጋር ያስተሳሰሩት የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ናቸው። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን ለንደን በሚገኘው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው እ.ኤ.አ. በ1939 የተመዘገቡ ነርስ ሆኑ፤ በጋይስ ሆስፒታልም ሠርተዋል። ወደ አገራቸው ሲመለሱ በደሴ ሆስፒታል አገልግለዋል። ብዙም ሳይቆዩ፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም.፣ ነቀምቴ ላይ በወሊድ ምክንያት አረፉ። እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት ገንዘብ አሰባስባ ያሠራችው መታሰቢያ ሆስፒታላቸው እ.ኤ.አ. በ1951 አዲስ አበባ ተከፈተ፤ የነርስ ትምህርት ቤትም ነበረው። ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የሚባለው እሱ ነው።

ልዕልቲቱ ያለፉበት የእንግሊዝ ሥርዓት መነሻው ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1860 ለንደን ውስጥ በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ያቋቋመችው ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ትምህርት ቤት ሠልጣኟን በየቀኑ የምታሠራት የዋርዱ ሲስተር ነበረች። የሆስፒታሉ ማትሮን ደግሞ የእያንዳንዷን ሠልጣኝ ጠባይና የሥራ ችሎታ በየወሩ በተዘጋጀ ቅጽ ላይ ትሞላ ነበር። ከመቶ ስልሳ ዓመት በፊት እንኳ ማስተማሩና መመዘኑ የሥራው አካል ተደርጎ በወረቀት ላይ ሰፍሮ ነበር ማለት ነው።

ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ሥርዓት ከዚህ ብዙ ወስዷል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1949 አዲስ አበባ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሆስፒታል (ዛሬ የካቲት 12) የነርስ ትምህርት ቤት ከፈተ። የልዕልት ፀሐይ፣ የዘውዲቱ መታሰቢያና የነቀምቴው ተፈሪ መኮንን ሆስፒታሎችም ተከታተሉ። እነዚህ ትምህርት ቤቶች በሆስፒታል ግቢ ውስጥ ያሉ ነበሩ። ተማሪዋ ጠዋት ክፍል ትማራለች፤ ከዚያ ዋርድ ገብታ ትሠራለች። የምታስተምራትና የምታሠራት ብዙውን ጊዜ የአንድ ቤት ሰዎች ስለነበሩ ተማሪዋ የደረሰችበትን ለማወቅ ደብዳቤ መጻጻፍ አያስፈልግም ነበር። ጉድለቱ ሌላ ነበር፦ ተማሪዋ እንደ ሠራተኛ ትቆጠር ነበርና ለመማር የመጣችበት ሰዓት በሥራ ይዋጣል።

ቆላድባ

በትምህርት ቤትና በሥራ ቦታ መካከል ያለውን ክፍተት አስቦ የሞላው ትልቁ ሙከራ የተጀመረው በጎንደር ነው። የጎንደር ጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በ1947 ዓ.ም. ሲቋቋም የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት ረድተውታል። ዓላማው ሐኪም ማግኘት ለማይችለው የገጠር ሕዝብ ሦስት ዓይነት ባለሙያ ማፍራት ነበር፦ የጤና መኮንን፣ ኮሚኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን። ለ50,000 ሕዝብ አንድ ጤና ጣቢያ ይሠራል፤ ሦስቱም እዚያ አብረው ይመደባሉ። አብረው የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ አብረው መማር ነበረባቸው።

ስለዚህ ኮሌጁ ተማሪዎቹን ከመመረቃቸው በፊት በቡድን አድርጎ ወደ ማሠልጠኛ ጤና ጣቢያዎች ይልክ ጀመር። ከሁሉ ስሙ የሚነሣው በደምቢያ የሚገኘው የቆላድባ ጤና ጣቢያ ነው። ጤና ጣቢያው አገልግሎት መስጫም ትምህርት ቤትም ነበር። ነርሷ የእርጉዝ ሴቶችን ክትትል ስትይዝ፣ ሳኒታሪያኑ ምንጭና መጸዳጃ ሲያይ፣ የጤና መኮንኑ ደግሞ ሕመምተኛውን እየመረመረ ቡድኑን መምራት ይለማመዳል። የሚመዘኑትም ስንት መጽሐፍ እንዳነበቡ ብቻ ሳይሆን ከአንድ ቀበሌ ሕዝብ ጋር ምን መሥራት እንደቻሉ ነው። የቡድን ሥልጠናው እስከ ዛሬ በጎንደር ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ አለ።

ሐሳቡ በአንድ ቦታ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1978 የአልማ አታ ጉባኤ የመጀመሪያ ደረጃ የጤና እንክብካቤን መርሕ ሲያውጅ፣ የጎንደር ልምድ ሁለት አሥርት ዓመታት ያስቆጠረ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 የተከፈተው የጅማ የጤና ሳይንስ ተቋምም ኅብረተሰብን መሠረት ያደረገ ትምህርትን መታወቂያው አደረገ።

የጎንደርና የጅማ ተሞክሮ የሚያሳየው አንድ ነገር አለ። ተማሪ ወደ ሥራ ቦታ ሲሄድ እዚያ የሚቀበለው ሰው አስቀድሞ ታስቦበት፣ ተዘጋጅቶና ጊዜ ተሰጥቶት ከሆነ ሥልጠናው ይሠራል። ቆላድባ የተመረጠ ጤና ጣቢያ ነበር። የተማሪው ቁጥርም ጤና ጣቢያው ሊይዘው የሚችለውን ያህል ነበር። ቀጥሎ በመጣው ዘመን የጠፋው ይህ ልክ ነው።

የተማሪ ጎርፍ

በወሎ ያለፉት የረሃብ ዓመታት፣ 1966 እና 1977 ዓ.ም.፣ የባለሙያ እጥረት ምን ማለት እንደሆነ ለመላው ዓለም አሳዩ። በደሴና በኮረም መስመር በተከፈቱት የእርዳታ ጣቢያዎች ጥቂት ነርሶችና ጤና ረዳቶች ሺዎችን ይቀበሉ ነበር። የአካባቢው ወጣቶች የሕፃናትን ክብደትና ቁመት መለካት፣ በተቅማጥ ለተጎዱት ጨውና ስኳር ያለበት ፈሳሽ መስጠት የተማሩት እዚያው ሥራው ላይ ነው። ነርስ ካልበዛ አገር እንደማይድን ያየ መንግሥት ሁሉ ነርስ ማብዛትን ግቡ ማድረጉ አይገርምም።

ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይህ ግብ በፍጥነት ተያዘ። ጤና ረዳት የሚባለው ደረጃ ቀስ በቀስ ቀርቶ ጁኒየር ነርስ፣ ቀጥሎም ዲፕሎማ ነርስ መጣ። የክልል ጤና ሳይንስ ኮሌጆች ሰፉ፤ የግል ኮሌጆች በየከተማው ተከፈቱ፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከጣት ቁጥር ተነስተው ከ40 በላይ ሆኑ። ወልድያም በ2004 ዓ.ም. የራሷን ዩኒቨርሲቲ አገኘች፤ የጤና ተማሪዎቹም ሆስፒታሏን ዋና መለማመጃቸው አደረጉ። ጤና ጣቢያውም በዛ፤ አዲሱ ስሌት አንድ ጤና ጣቢያ ለ25,000 ሕዝብ የሚል ነበር፤ የድሮው ግማሽ መሆኑ ነው።

ትምህርት ቤቱ በተስፋፋው መጠን ግን አልጋው አልተስፋፋም። በአንድ የወሊድ ክፍል ውስጥ የአዋላጅ፣ የነርስ፣ የጤና መኮንንና የሕክምና ተማሪዎች በአንድ ጊዜ ይገናኛሉ። አንዲት ምጥ የያዛት እናት አለች፤ ለማዋለድ ፊርማ የሚፈልጉት ብዙ ናቸው። ኮሌጁ ዋርዱን አያስተዳድረውም፤ ዋርዱም ኮሌጁን አያዝዘውም። በዚህ መሐል የቆመችው ተረኛ ነርስ የራሷን ሕመምተኞች ታያለች፣ መድኃኒት ትሰጣለች፣ ካርድ ትሞላለች፣ ተማሪዎቹንም ታስተምራለች ተብሎ ይጠበቃል። ለዚህ ሁሉ ሰዓቷ ያው አንድ ነው።

አጠገብ ሆኖ የመደገፍ ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን አገሪቱ በሰፊው ያየችው ባልተጠበቀ በር በኩል ነው። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ መሰጠት ሲጀምር ሆስፒታሎች ብቻቸውን ሕዝቡን ሊያዳርሱ አልቻሉም። ሕክምናው ወደ ጤና ጣቢያ ወረደ፤ ነርሶችና የጤና መኮንኖች ቀደም ሲል የሐኪም ብቻ የነበረውን ሥራ ተረከቡ። የአምስት ቀን ወይም የአሥር ቀን ሥልጠና ብቻውን እንደማይበቃ ስለታወቀም ልምድ ያለው ባለሙያ በየጊዜው እየሄደ አብሯቸው ሕመምተኛ ያይ ጀመር። ሜንተር የሚለው ስም በጤና ጣቢያ ኮሪደር የተለመደው ያኔ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2006 ለዚህ ዓይነቱ ድጋፍ መመሪያ አወጣ። ኋላ ላይ ጤና ሚኒስቴር ዘዴውን ለእናቶችና ለጨቅላ ሕፃናት አገልግሎት በማዋል ሆስፒታሎች በዙሪያቸው ያሉትን ጤና ጣቢያዎች እንዲደግፉ አደረገ።

ይህ ግን ለተመረቀው ባለሙያ ነበር። ለተማሪው ተመሳሳይ ትኩረት ለማምጣት የሞከረው ጄፓይጎ የተባለው ድርጅት ከጤና ሚኒስቴርና ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር በአሜሪካ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2019 ያካሄደው የጤናው ዘርፍ የሰው ኃይል ማጠናከሪያ ፕሮጀክት ነው። በኮሌጆች ስኪል ላቦች ተደራጁ። በሆስፒታልና በጤና ጣቢያ ተማሪ የሚቀበሉ ነርሶችም ፕሪሴፕተር ተብለው ሠለጠኑ። ሥልጠናው ብዙዎች በደመ ነፍስ የሚሠሩትን ሥራ በደረጃ አስቀመጠው፦ መጀመሪያ ተማሪው የሚማረውን ነገር ከእሱ ጋር መስማማት፣ ቀጥሎ ሠርቶ ማሳየት፣ ከዚያ እያዩ ማሠራት፣ ሲጨርስ ከሕመምተኛው ራቅ ብሎ ጥሩውንና የጎደለውን መንገር፣ በመጨረሻ በቼክሊስት መመዘን። ሕመምተኛው በተማሪ ለመታከም ፈቃደኛ መሆኑን መጠየቅም የትምህርቱ ክፍል ነበር።

ያሠለጠነ ይመዝናል?

ከሁሉ አስቸጋሪው የመጨረሻው ደረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ካትሊን ደፊ የተባለች ተመራማሪ በስኮትላንድ ባደረገችው ጥናት የዋርድ ነርሶች ብቃቱን የሚጠራጠሩትን ተማሪ ሳይቀር እንደሚያሳልፉ አሳየች። ጊዜ ያንሳቸዋል፤ ማስረጃ አልያዙም፤ የተማሪው ዓመታት በእነሱ ፊርማ እንዲቃጠሉ አይፈልጉም። ጥናቱ በመላው ብሪታኒያ ብዙ ክርክር አስነሣ። እ.ኤ.አ. በ2018 የአገሪቱ የነርሶችና የአዋላጆች ምክር ቤት አሮጌውን የሜንተር ሥርዓት አፍርሶ ሥራውን ለሁለት ከፈለው፦ አንዷ ነርስ ተማሪውን በየቀኑ ትከታተላለች፣ ሌላዋ ትመዝነዋለች።

ኢትዮጵያ ይህንኑ መርሕ ቀድማ በሌላ ቦታ ተክላዋለች። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ሥልጠናን ከምዘና ለየ። የደረጃ 4 ነርስ ከኮሌጁ ቢመረቅም ሲኦሲ ተብሎ የሚታወቀውን የብቃት ምዘና ከሌላ አካል በተመደቡ መዛኞች ፊት ማለፍ አለበት። ቢሆንም ይህ የሚደረገው መጨረሻ ላይ፣ በአንድ ቀን፣ ብዙውን ጊዜም በአሻንጉሊት ገላ ላይ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ሌሊት ሲደክመው እንዴት እንደሚሠራ፣ ሕመምተኛ ሲቆጣው እንዴት እንደሚመልስ፣ ሲሳሳት ይደብቅ ወይም ይናገር እንደሆነ ያየችው የዋርዱ ነርስ ናት።

እሷ ደግሞ ይሉኝታ አለባት። ተማሪው የጎረቤት ልጅ ሊሆን ይችላል፤ እንደ ውርጌሳ ወይም መርሳ ባለ ከተማ የማይተዋወቅ ሰው ጥቂት ነው። ‹‹ሲስተር፣ ነገ ሎግ ቡክ እናስረክባለን›› ብሎ ሲለምናት ያላየችውንም ሥራ ልትፈርምለት ትችላለች። ‹‹ይህን ገና አልቻልክም›› ብትልም ከቃሏ በኋላ የሚመጣ ነገር የለም፤ ተጨማሪ ሳምንት እንዲሰጠው የሚያደርግ፣ ከኮሌጁ ጋር የሚያገናኛት መሥመር ብዙ ጊዜ የለም። ይሉኝታን በምክር ማሸነፍ አይቻልም። የሚያሸንፈው ግልጽ ቼክሊስት፣ ሁለተኛ ፈራሚና የአስተያየቷን መልስ የሚያሳውቃት ኮሌጅ ነው።

መንግሥት በበኩሉ መጨረሻው ላይ ያለውን በር አጠበቀ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በዲግሪ የሚመረቁ የጤና ባለሙያዎች የሙያ ፈቃድ ፈተና ይወስዳሉ፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና ለሁሉም የዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ግዴታ ሆነ። ሁለቱም በዋነኛነት የምርጫ ጥያቄ ፈተናዎች ናቸው። ዕውቀትን ይለካሉ፤ የደም ሥር ስትፈልግ የማትንቀጠቀጥ እጅን ግን አያዩም።

በሰሜን ወሎ በዚህ ላይ ጦርነት ተጨመረ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ በጦርነት ውስጥ ነበሩ፤ የመርሳና የውርጌሳ ሕዝብም ከቀዬው ተፈናቀለ። የወልድያ ሆስፒታልና ዩኒቨርሲቲ፣ በአማራ ክልልም በመቶዎች የሚቆጠሩ ጤና ጣቢያዎች ተዘረፉ፣ ተጎዱ። ሠላም በወረደበት ወቅት አልጋና ማይክሮስኮፕ ተተካ። የወልድያ ሆስፒታልም ዛሬ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ የሚል ደረጃ ይዟል። በጦርነቱ ወቅት ሥራ ለቀው፣ ከተማ ቀይረው ወይም አገር ጥለው የሄዱት ልምድ ያላቸው ነርሶች ግን በግዢ ጨረታ አይተኩም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ክልሉ ዳግም ግጭት ውስጥ መግባቱም ተማሪ ልኮ መጎብኘትን ለኮሌጆች ከባድ አድርጎታል። መምህሩ ከከተማ መውጣት በማይችልበት ሳምንት ተማሪው ያለው አስተማሪ አንድ ብቻ ነው፤ ጤና ጣቢያው ውስጥ ያለችው ነርስ።

ስለዚህ ቀጥሎ የሚደረገው ነገር አዲስ ፈተና ማውጣት አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች ተማሪ ከመላካቸው በፊት ጤና ጣቢያው ስንት ሊቀበል እንደሚችል ይጠይቁ። ተቀባይዋ ነርስ በስም ትመደብ፤ ማስተማርና መመዘን ትሠልጥን፤ በዚያ ሳምንት የምታያቸው ሕመምተኞች ቁጥር ይቀነስላት። ተማሪ ያሠራችበት ሰዓትም የሙያ ፈቃዷን ስታድስ በምትጠየቀው የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ውስጥ ይቆጠርላት። ‹‹አልበቃም›› ስትል ደግሞ ቃሏ የጽሑፍ መልስ ያግኝ። ቆላድባ ላይ በ1940ዎቹና በ50ዎቹ የተሠራውን ሥራ ለመርሳና ለውርጌሳ ማድረግ ይቻላል፤ ጤና ሚኒስቴር፣ የክልሉ ጤና ቢሮና ዩኒቨርሲቲዎቹ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሊወስኑት የሚገባ ጉዳይ ነው።